በጉ ሳይሸጥ የሚሰበሰብ ምርት፤ የመንዝ በግ ጠጉርና ጣተ ክፍቱ ጓንት

በኅዳርና በታኅሣሥ ወራት በመንዝ ደጋ ላይ ውርጭ በሚጥልበት ሌሊት ሣሩ ጨው እንደ ተነሰነሰበት ነጥቶ ያድራል። ፀሐይ ወጥታ ውርጩን እስክታቀልጠው ድረስ ከመንጋው ኋላ የሚሄደው እረኛ በትሩን በክንዱ አቅፎ፣ እጆቹን በብብቱ ሥር ሸጉጦ ይቆያል። ገብስ ለማጨድ ማለዳ የወጣው ገበሬም ማጭዱን ከመጨበጡ በፊት ጣቶቹን በትንፋሹ ያሞቃል። ከወንዝ ውኃ ቀድታ የምትመለሰው ልጅ የእንስራዋን ገመድ የምትይዘው ጣቶቿ ደንዝዘው ነው።

ይህ ሁሉ የሚሆነው ብርድን የሚከላከለው ነገር ጠፍቶ አይደለም። ከእረኛው ፊት የሚሄደው በግ በጀርባው ላይ የሚያሞቅ ጠጉር ተሸክሞ ይሄዳል። ጠጉሩ ከበጉ ጀርባ ወርዶ፣ ታጥቦና ተፈትሎ ወደ ሰው እጅ እስኪደርስ ያለው መንገድ ግን በብዙ መንደሮች ገና በሚገባ አልተጠረገም። መንገዱ ቢጠረግ የሚገኘው ጥቅም እጅን ከማሞቅ አልፎ የአንድን ቤተሰብ የገንዘብ ችግር እስከ ማቃለል ሊደርስ ይችላል።

ጠጉሩ የት ይሄዳል?

መንዝ በሰሜን ሸዋ የሚገኝ ደጋ አገር ሲሆን፣ የመሐል ሜዳ ከተማ ከባሕር ወለል በላይ ከ3000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ትገኛለች። የጓሳ ጥብቅ ሥፍራ ደግሞ ከ3200 እስከ 3700 ሜትር ይደርሳል። በእንዲህ ያለው አገር ገብስ ዋነኛው አዝመራ ነው። የበልጉ ዝናብ ሲቀር ወይም ውርጭ አዝመራውን ሲመታው ገበሬው ዓይኑን የሚጥለው በበጉ ላይ ነው።

የመንዝ በግ ቁመቱ አጠር ያለ፣ ላታም፣ ብርድንና የመኖ እጥረትን የሚችል ነው። ጠጉሩ ሻካራና ለስላሳው የተደባለቀ ነው። ከዚህ ጠጉር ባናና ዝተት የሚባሉት ወፋፍራም የብርድ ልብሶች ሲሠሩ ኖረዋል። በልማዱ ሴቶች ይፈትላሉ፤ ወንዶች ይሸምናሉ። አንድ ባና ተሠርቶ እስኪያልቅ ብዙ ጠጉርና ብዙ ቀን ይፈልጋል።

ዛሬ ግን ከፋብሪካ የሚወጣው ርካሽ ብርድ ልብስና ሰልባጁ ልብስ በየገበያው ስለሚገኝ የባናው ፈላጊ እንደ ድሮው አይደለም። ፈላጊው ሲቀንስ ሸማኔው ሌላ ሥራ ይፈልጋል፤ ሸማኔው ሌላ ሥራ ሲይዝ የሴቲቱ እንዝርት ሥራ ይፈታል። እንዝርቱ ሥራ ሲፈታ ደግሞ ጠጉሩ በየአጥሩ ሥር ይጣላል፤ ወይም ከበጉ ጋር አብሮ ገበያ ይወጣል። በግ ነጋዴ ደግሞ ሥጋውን እንጂ ጠጉሩን አስቦ ዋጋ አይሰጥም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ሊባል ይገባል። በግ የገበሬው የገንዘብ ቋት ነው። ለልጅ ደብተር፣ ለሕክምና ወይም ለማዳበሪያ ዕዳ ገንዘብ ሲያስፈልግ በጉ ተጎትቶ ገበያ ይወጣል። እንስቷ ከተሸጠች ደግሞ የሚመጣው ዓመት ግልገልም አብሮ ተሸጠ ማለት ነው። ጠጉር ግን በጉ ሳይሸጥና ሳይታረድ የሚሰበሰብ ምርት ነው። ተሸልቶ ተመልሶ ይበቅላል። ከጠጉሩ የሚገኘው ገንዘብ ጥቂት ቢሆንም እንኳ፣ ያች ጥቂት ገንዘብ አንዲት እናት በግ ለአንድ ወቅት ከገበያ እንድትቀር ካደረገች ትርፉ በሚመጣው ግልገል ይታያል።

ለምን ጣተ ክፍት ጓንት?

ባና ለመሥራት ሸማኔና መሸመኛ ያስፈልጋል። ጓንት ለመሥራት ግን ሁለት ሽቦና አንድ ልቃቂት ክር ይበቃል። የሚፈልገው ጠጉርም ጥቂት ነው፤ ለአንድ ጥንድ ከ100 ግራም የሚበልጥ ክር አይፈጅም። ስለዚህ ሁለትና ሦስት በግ ብቻ ያላት ሴት ራሷ ልትጀምረው የምትችል ሥራ ነው።

ጣቶቹ ክፍት የሆኑበት ምክንያትም አለው። ጣት ያለው ጓንት ለእያንዳንዱ ጣት ለብቻው መሠራት ስላለበት ለጀማሪ ያስቸግራል። ከዚህም በላይ የገጠር ሥራ ጣት ይፈልጋል። እረኛው ወንጭፉን፣ አራሹ እርፉን፣ አጫጁ ማጭዱን የሚይዘው በጣቱ ነው። በገበያ ብር የምትቆጥረው ሴት፣ በማለዳ የሚማረው ተማሪ፣ በስብሰባ ላይ ቃለ ጉባኤ የሚይዘው የማኅበር ጸሐፊ ሁሉም መዳፋቸውና የእጃቸው አንጓ ሞቆ ጣታቸው ነፃ ቢሆን ይመርጣሉ። በእጅ አንጓ ላይ የደም ሥር ለቆዳ ቅርብ ስለሆነ፣ አንጓው ሲሸፈን ወደ ጣት የሚሄደው ደም ሙቀቱን ይዞ ይደርሳል።

ሱፍ ለዚህ ሥራ የተመረጠበት ምክንያት በውስጡ አየር አፍኖ ስለሚይዝ ነው። እርጥበት በሚነካው ጊዜም የክብደቱን ሢሶ ያህል ውኃ እስኪጠጣ ድረስ ቶሎ የእርጥበት ስሜት አይሰጥም። በደጋ ጤዛ ውስጥ ለሚውል እረኛ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የመንዝ ጠጉር ሻካራ መሆኑ አይካድም፤ ለሕፃን ልብስ ወይም ለአንገት ሹራብ ይኮሰኩሳል። ለሥራ የለመደ መዳፍ ግን ይችለዋል፤ ሻካራነቱም ጓንቱ ቶሎ እንዳያልቅ ይረዳዋል።

ከበጉ ጀርባ እስከ ልቃቂት

መልካም ጓንት የሚጀምረው ከመልካም ሽልታ ነው። በጉ መሸለት ያለበት ውርጩ ካለፈ በኋላ፣ ሙቀት ባለበት ወቅት ነው፤ በውርጭ ወራት የተሸለተ በግ በብርድ ይጎዳል። ከመሸለቱ አስቀድሞ በጉን በወንዝ አጥቦ ጠጉሩ ሲደርቅ በንጹሕ ሸራ ወይም በጀንዲ ላይ መሸለት ኋላ ብዙ ድካም ይቀንሳል። በሽልታ ጊዜ አንዱን ሥፍራ ሁለት ጊዜ መቁረጥ ጠጉሩን ስለሚያሳጥረው ክሩ ቶሎ የሚበጠስ ይሆናል።

ከተሸለተ በኋላ ጠጉሩ ይለያል። የጀርባውና የጎኑ ለብቻ፣ የሆዱና የእግሩ ለብቻ ይቀመጣል፤ ጭቃና በጠጥ የተጣበቀበት ይጣላል። ነጩ፣ ጥቁሩ፣ ቡኒውና ግራጫው እየተለየ ቢያዝ ያለ ምንም ቀለም አራት ዓይነት ክር ይገኛል።

አጠባው ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሱፍ በሙቅ ውኃ ሲታሽ እርስ በርሱ ተጣብቆ ይጠጥራል፤ ከሙቅ ወደ ቀዝቃዛ ውኃ በድንገት ሲገባም እንዲሁ ይሆናል። ስለዚህ ለብ ባለ የሳሙና ውኃ ውስጥ ዘፍዝፎ ሳያሹ መጫን፣ በዚያው ሙቀት ባለው ንጹሕ ውኃ ማለቅለቅና በጥላ ማድረቅ ይገባል።

የደረቀው ጠጉር በእጅ ይፍታታል፤ በደጋን ይነደፋል፤ ከዚያም በእንዝርት ይፈተላል። የሹራብ ክር ከሽመና ክር የሚለይበት አንድ ነገር አለ። ለሹራብ ሁለት ክር አንድ ላይ ተደርቦ መጀመሪያ ከተፈተለበት በተቃራኒው አቅጣጫ መከረር አለበት። ይህ ካልተደረገ ክሩ በራሱ ላይ ይጠመዘዛል፤ የሚሠራውም ጓንት ወደ አንድ ጎን ይጣመማል። የተደረበው ክር በውኃ ተነክሮ ቀላል ክብደት ታስሮበት ተሰቅሎ ከደረቀ በኋላ ወደ ልቃቂት ይጠነጠናል።

አሠራሩ

ለዚህ ሥራ ውፍረቱ 4 ሚሊ ሜትር ያህል የሆነ ሁለት የሹራብ መሥሪያ ሽቦ ያስፈልጋል። ሽቦው ካልተገኘ ከደረቀ ቀርከሃ ወይም ከወይራ ጠርቦ፣ ጫፉን አሹሎና በብርጭቆ ወረቀት አለስልሶ ማዘጋጀት ይቻላል። ያልለሰለሰ እንጨት ክሩን ስለሚይዝ ሥራ ያጓትታል።

የሹራብ ሥራ ሁለት ዓይነት ቀለበት ብቻ ነው ያለው። አንደኛው የፊት ቀለበት ነው፤ ክሩ ከሥራው ኋላ ሆኖ የቀኙ ሽቦ ጫፍ በቀለበቱ ውስጥ ከፊት ወደ ኋላ ይገባና ክሩን ስቦ ያወጣል። ሁለተኛው የጀርባ ቀለበት ነው፤ ክሩ ወደ ፊት መጥቶ የሽቦው ጫፍ ከኋላ ወደ ፊት ይገባል። የፊት ቀለበት ለስላሳ ሆኖ ይታያል፤ የጀርባ ቀለበት ደግሞ ጎበጥ ብሎ እንደ ጠጠር ይታያል። ጓንቱ ላይ የሚታየው ወጣ ገባ ጥለት ሁሉ የሚገኘው እነዚህን ሁለቱን በማፈራረቅ ነው።

ጥለቱ የሰፌድ ስፌት ይመስላል። አራት ለስላሳ፣ አራት ጎበጥ ያለ እየሆነ እንደ ዳማ ገበታ ይፈራረቃል። ይህ ጥለት የተመረጠው ለመልኩ ብቻ አይደለም። ጎበጥ ጎበጥ ያሉት ቀለበቶች በመካከላቸው አየር ስለሚይዙ ሙቀቱ ይጨምራል፤ ጨርቁም ጫፉ ሳይጠቀለል ጠፍጣፋ ሆኖ ይቆያል። አሠራሩ በቅደም ተከተል እንደሚከተለው ነው።

1ኛ/ መለኪያ መሥራት። በመጀመሪያ 20 ቀለበት በሽቦው ላይ ጥሎ ጥቂት መስመር መሥራትና ስፋቱን በማስመሪያ መለካት ነው። ስፋቱ 10 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ክሩና ሽቦው ተስማምተዋል። ከዚያ ከሰፋ ቀጠን ያለ ሽቦ፣ ከጠበበ ወፈር ያለ ሽቦ ይያዝ። ይህን ሳትለካ የጀመረች ሠራተኛ የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች እንደሚባለው ጓንቱን ጨርሳ መልሳ ትፈታለች።

2ኛ/ መጀመር። በሽቦው ላይ 40 ቀለበት ይጣላል። ይህ ዙሪያው 20 ሳንቲ ሜትር ለሆነ የአዋቂ እጅ ይበቃል። ለልጅ 32፣ ለትልቅ የወንድ እጅ 48 ቀለበት ይጣላል። ቁጥሩ ምንጊዜም ለ8 ተካፋይ መሆን አለበት፤ አለዚያ ጥለቱ ይዛባል።

3ኛ/ የአንጓው ክፍል። ሁለት የፊት ቀለበት፣ ሁለት የጀርባ ቀለበት እያፈራረቁ እስከ መስመሩ መጨረሻ መሄድ፤ ሥራውን ገልብጦ በዚያው አኳኋን መመለስ ነው። እንዲህ 16 መስመር ሲሠራ 6 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። ይህ ክፍል እንደ ላስቲክ ስለሚሳብ በአንጓው ላይ ጥብቅ ብሎ ይይዛል።

4ኛ/ የሰፌዱ ጥለት። አራት የፊት፣ አራት የጀርባ ቀለበት እየተባለ አራት መስመር ይሠራል። ቀጥሎ ተራው ይለወጣል፤ አራት የጀርባ፣ አራት የፊት እየተባለ ሌላ አራት መስመር ይሠራል። እንዲህ እየተለዋወጠ ሰባት ጊዜ አራት መስመር፣ በድምሩ 28 መስመር ሲሞላ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ይደርሳል።

5ኛ/ የላይኛው ጠርዝ። እንደ አንጓው ክፍል ሁለት በሁለት ሆኖ 6 መስመር ይሠራል። ከዚያ ሁለት ቀለበት ሠርቶ የመጀመሪያውን በሁለተኛው ላይ አሳልፎ መጣል፤ አንድ ጨምሮ ሠርቶ እንደገና ማሳለፍ፤ እንዲህ እስከ መጨረሻው መዝጋት ነው። ሲዘጋ ክሩን ማጥበቅ አይገባም፤ ጠርዙ ከጠበቀ የጣቶቹን ሥር ይቆርጣል።

6ኛ/ መስፋት። የተሠራው 20 በ18 ሳንቲ ሜትር የሆነ ጠፍጣፋ ጨርቅ ነው። ለሁለት ታጥፎ ጎኑ በዚያው ክር ይሰፋል። ከአንጓው ጫፍ ጀምሮ 10 ሳንቲ ሜትር ይሰፋና ለአውራ ጣት 5 ሳንቲ ሜትር ክፍት ይተዋል፤ የቀረው 3 ሳንቲ ሜትር ይሰፋል። ሁለተኛውም እንዲሁ ይሠራል። ግራና ቀኝ ልዩነት ስለሌላቸው አንዱ ቢጠፋ ሌላ አንድ ብቻ ሠርቶ ማሟላት ይቻላል።

ጀማሪዎች በብዛት የሚሳሳቱት ከፊት ቀለበት ወደ ጀርባ ቀለበት ሲሻገሩ ነው። ክሩ በሁለቱ ሽቦዎች መካከል ማለፍ ሲገባው በሽቦው ላይ ከዞረ ያልተፈለገ ቀለበት ይጨመራል፤ 40 የነበረው 41 ወይም 42 ይሆናል። 39 ሆኖ ከተገኘ ደግሞ አንድ ቀለበት ከሽቦው ወድቋል፤ በቶሎ ካልተለቀመ እንደ መሰላል እየተተረተረ ይወርዳል። መድኃኒቱ በየመስመሩ መጨረሻ መቁጠር ነው። ፊደል ያልቆጠረችም ብትሆን አራት አራት እያለች አሥር ጊዜ መቁጠር ትችላለች።

ያለቀው ጓንት ለብ ባለ ውኃ ታጥቦ፣ ሳይጠመዘዝ በጨርቅ ተጠቅልሎ ውኃው ይመጠጣል፤ ከዚያም በጥላ ተዘርግቶ ይደርቃል። ሽያጩን የሚጠብቅ ከሆነ ብል እንዳይበላው በደረቅ ሥፍራ መቀመጥና አልፎ አልፎ ፀሐይ ማግኘት አለበት።

ዋጋው ከጊዜው ይወጣል

የእጅ ሥራ ማኅበራት ብዙ ጊዜ የሚወድቁት ሥራው ከፍቶ ሳይሆን ሒሳቡ ስላልተሠራ ነው። በዚህ ጓንት ላይ ሒሳቡን መሥራት ቀላል ነው። አንዱ ጓንት 50 መስመር አለው፤ በእያንዳንዱ መስመር 40 ቀለበት አለ። ስለዚህ አንዱ 2000፣ ጥንዱ 4000 ቀለበት ነው። በደቂቃ 8 ቀለበት የምትሠራ ጀማሪ ጥንዱን ለመጨረስ 500 ደቂቃ፣ ማለትም 8 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ይፈጅባታል። እጇ ለምዶ በደቂቃ 20 ቀለበት ከደረሰች 200 ደቂቃ፣ ማለትም 3 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ይበቃታል። በዚህ ላይ የማጠቡ፣ የመፍተሉ፣ የመደረቡና የመስፋቱ ጊዜ ይጨመራል።

ስለዚህ አንድ ማኅበር ዋጋ ከመቁረጡ በፊት አንዲት መካከለኛ ሠራተኛ ከጠጉሩ እስከ ጓንቱ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅባት በሰዓት መመዝገብ አለበት። ሰዓቱ በአካባቢው የቀን ሥራ ሒሳብ ሲታሰብ፣ የጠጉሩ ዋጋ፣ የሽቦና የሳሙና ወጪ ሲጨመርበት ጓንቱ የፈጀው ይታወቃል። ገበያው ከዚያ በታች ከሰጠ ሥራው ትርፍ መስሎ የሴቲቱን ጉልበት በነፃ የሚወስድ ይሆናል። ከውጭ ከሚመጣው አርቲፊሻል ክር ጓንት ጋር በርካሽነት መሽቀዳደም ደግሞ አያዋጣም። የሱፉ ጓንት መሸጥ ያለበት በሙቀቱ፣ በጥንካሬውና በተፈጥሮ ቀለሙ ነው፤ መጀመሪያ ለመንደሩ እረኛና ተማሪ፣ ቀጥሎም ለከተማ ገበያና ጓሳን ለማየት ለሚመጣው እንግዳ።

ሌሎች ምን አደረጉ?

በስዊድን ምዕራባዊ ጠረፍ ቡሁስሌን በተባለው አውራጃ ይኖሩ የነበሩ ድንጋይ ጠራቢዎች በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሥራቸው ተቀዛቅዞ ቤተሰባቸው ተቸግሮ ነበር። የጠራቢዎቹ ሚስቶች ለአውራጃው ገዥ ባለቤት ለኤማ ያኮብሶን ሥራ እንድታስገኝላቸው አመለከቱ። በ1939 (እ.ኤ.አ.) ቡሁስ ስቲክኒንግ የተባለው የሹራብ ሥራ ድርጅት ተቋቋመ። ሴቶቹ የጀመሩት በተራ ካልሲና በእጅ ሹራብ ነበር፤ ኋላ ግን በጥለታቸው ውበትና በጥራታቸው በውጭ አገር ጭምር ታወቁ። ድርጅቱ በ1969 (እ.ኤ.አ.) ተዘጋ። ለ30 ዓመት ግን በችግር ጊዜ ለነዚያ ቤቶች ገቢ አስገኝቷል። ከትንሽ ዕቃ መጀመራቸውና ጥራት ላይ አለመደራደራቸው ትምህርት የሚሆን ነው።

በደቡብ አሜሪካ በኡራጓይም በ1968 (እ.ኤ.አ.) ማኖስ ዴል ኡራጓይ የተባለ ድርጅት ተቋቁሞ በየገጠሩ ተበታትነው የነበሩ ሴቶችን በኅብረት ሥራ ማኅበራት አሰባስቧል። የአገሪቱ በግ ብዙ ነበር፤ የጎደለው የሴቶቹን እጅ ከገበያው ጋር የሚያገናኝ ድልድይ ነበር። እያንዳንዷ ለብቻዋ ብትሆን ገዢ ዘንድ የማትደርሰው ሴት በማኅበሯ በኩል ደረሰች።

ሹራብ የሴት ሥራ ብቻ ነው ለሚሉም መልስ አለ። በደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ ላንድ በሚባለው ረግረጋማ አገር የነበሩ እረኞች በረጃጅም የእንጨት እግር ላይ ቆመው መንጋቸውን እየጠበቁ ሹራብ ይሠሩ ነበር። የመንዝ እረኛም ከመንጋው ኋላ የሚውልበት ረጅም ቀን አለው፤ ሁለት ሽቦና አንድ ልቃቂት ከስንቁ ጋር በአገልግሉ መያዝ አያቅተውም።

የመሪዎች ድርሻ

የመንዝ ገበሬ የጋራ ሀብትን በጋራ ሕግ ማስተዳደርን ከሌላ የሚማር አይደለም። የጓሳን ሣር ቄሮ በሚባለው ሥርዓት ለብዙ ትውልድ ሲጠብቅ ኖሯል፤ ሣሩ እንዲያገግም ለዓመታት ይዘጋል፤ ጊዜው ሲደርስ በስምምነት ይከፈት ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ወጥቶ የገበሬ ማኅበራት ሲቋቋሙ ያ ሥርዓት ቀረ፤ ኋላ ግን ማኅበረሰቡ ጥበቃውን በአዲስ መልክ ቀጠለ። ከ2009 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮም በመሐል ሜዳና በሞላሌ አካባቢ ገበሬዎች ከምርምር ተቋማት ጋር ሆነው አውራ በግ በጋራ የመምረጥና በጋራ የመጠቀም ሥራ ጀምረዋል። በጉን በመዝገብ ይዞ የመረጠ ማኅበር ጠጉሩንም በመዝገብ መያዝ አያቅተውም።

የገበሬ ማኅበር መሪዎች፣ ኮሚቴዎችና የኅብረት ሥራ ኃላፊዎች ሥራው ከመጀመሩ በፊት ሊወስኗቸው የሚገቡ ጉዳዮች የሚከተሉት ናቸው።

1ኛ/ የመንደሩ በጎች የሚሸለቱበት አንድ የታወቀ ጊዜ በስብሰባ መቁረጥ፤ አብሮ የተሸለተ ጠጉር ተለይቶ ለመያዝ ይመቻል።

2ኛ/ ሥልጠናውን ለስም ዝርዝር ማሟያ ሳይሆን በእውነት ለሚፈትሉትና ለሚሠሩት መስጠት። ባል የሞተባቸው ሴቶችና መሬት ያላገኙ ወጣቶች መረሳት የለባቸውም።

3ኛ/ ክር ሲሰጥና ጓንት ሲመለስ በሚዛን መዝኖ በመዝገብ ማስፈር፤ ይህ ሐሜትን ከወዲሁ ይዘጋል።

4ኛ/ ክፍያው ለሠሪዋ በእጇ በጥንድ ቁጥር እንዲደርስ ማድረግ። ገንዘቡ በሌላ እጅ ካለፈ ሥራው ብዙ አይቆይም።

5ኛ/ ከመሸጡ በፊት እያንዳንዱን ጥንድ የሚመረምሩ ሁለት ሰዎች ከሠሪዎቹ መካከል መምረጥ። አንድ የተተረተረ ጓንት የሃያውን ስም ያጠፋል።

6ኛ/ ብዙ ከመሥራት በፊት ጥቂት ሠርቶ ገበያውን መፈተሽ። በጎተራ የተከመረ ጓንት የብል ቀለብ ነው።

ከሁሉም በላይ የሚያስፈልገው የሴቶቹ ጊዜ መሆኑን መዘንጋት አይገባም። ውኃ የምትቀዳ፣ እንጨት የምትለቅም፣ ልጅ የምታሳድግና እህል የምትፈጭ ሴት ሹራብ ልትሠራ የምትችለው ሌላው ሸክም ሲቀልላት ነው። ምንጭ በቅርብ ያልጎለበተበት፣ ወፍጮ የሌለበት መንደር ጓንት ሥሩ ቢባል የሚጨመረው የሌሊት ሥራ ነው። ስለዚህ ሁለቱ ጉዳዮች በአንድ ስብሰባ ላይ አብረው ሊነሡ ይገባል።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንዲሉ፣ አንዲት ሴት ብቻዋን የምትሠራው አንድ ጥንድ ጓንት የአንድ እረኛን እጅ ያሞቃል። ሃያ ሴቶች በአንድ መዝገብ፣ በአንድ መለኪያና በአንድ ገበያ ሲሠሩ ግን በክፉ ቀን እናቲቱን በግ ከመሸጥ የሚያድን ገንዘብ ማጠራቀም ይጀምራሉ። የሚቀጥለው የሽልታ ወቅት ሲደርስ ጠጉሩ በአጥር ሥር መጣል አለመጣሉ የሚለየው መሪዎቹ ዛሬ በሚይዙት አጀንዳ ነው።